ስለ ዕንቁላልና ስለ ጨው ውሃ፤ ልጆች በቤት ስለሚያደርጉት ሙከራ

ልጅን ማስተማር የመምህሩ ሥራ ብቻ ነው የሚሉ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲገባ «ትምህርትህ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁታል፤ «ደኅና ነው» ሲላቸው ነገሩ በዚያው ያልቃል። ዛሬ ግን መምህራን ለልጆች የሚሰጡት ሥራ በቃል ከማጥናት አልፎ፥ ልጁ በገዛ እጁ ሠርቶ፥ በገዛ ዐይኑ አይቶ፥ ያየውን ጽፎ እንዲያመጣ የሚያዝዝበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በቤት ስለ ሆነ፥ ወላጅ ምን ሊያደርግ እንደሚገባውና ከምን ሊጠነቀቅ እንደሚገባው በዚህ ሳምንት ልናመለክት ወደድን።

ለምሳሌ የመረጥነው ዕንቁላል በንጹሕ ውሃ ሲሰጥም በጨው ውሃ የሚንሳፈፍበትን ሙከራ ነው። ይህን የመረጥነው አስቀድሞ ዕቃው ሁሉ በቅርብ ስለሚገኝ ነው። በሐረር ጁገል የሚኖር ሰው ልጁን ወደ ጊደር መጋላ ይዞ ቢወጣ፥ (ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ትልቅ ገበያ ማለት ነው) ጨውም ዕንቁላልም ይዞ ይመለሳል። ዳግመኛም ሥራው እሳትና አደገኛ መድኃኒት አይሻም። ከዚህም ሁሉ በላይ ጨው ለሐረር የቈየ ወዳጅ እንጂ እንግዳ አይደለም።

የምድር ባቡር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓመት ድሬ ዳዋ ሳይደርስ፥ ከዘይላና ከታጁራ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ዕቃ ሁሉ በግመል ይጫን ነበር። የአፋር ነጋዴዎችም ዛሬ በጅቡቲ ግዛት ካለው ከአሳል ሐይቅ ጨው እየጫኑ በረሓውን ያቋርጡ ነበር። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፥ ጨዋማነቱም ከባሕር ውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል የሆነ ነው። በሰሜን ከአሳሌ ሜዳ የሚቈረጠው አሞሌ ደግሞ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ዛሬም በአፋር በአፍዴራ ሐይቅ ዳር ውሃው በፀሐይ እየተነነ ጨው ይመረታል። እንግዲህ ልጁ በገበያ የሚገዛው እፍኝ ጨው ከየት እንደ መጣ በመንገድ ላይ ቢነገረው፥ ሙከራው ገና ሳይጀመር ትምህርቱ ይጀመራል።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ212 ዓመት የሞተው የሲራኩሳ ሊቅ አርኪሜዴስ እንዳስተማረው፥ ማናቸውም ነገር ወደ ውሃ ሲገባ፥ ገፍቶ ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ይህን በቍጥር ብናስረዳ ይቀላል። ክብደቱ 55 ግራም የሆነ፥ 51 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስፍራ የሚይዝ ዕንቁላል አለ እንበል። ይህ ዕንቁላል ወደ ንጹሕ ውሃ ሲገባ 51 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውሃ ያስለቅቃል፤ የዚያም ውሃ ክብደት 51 ግራም ነው። ስለዚህ ውሃው የሚሸከምለት 51 ግራም ብቻ ሲሆን፥ የቀረው 4 ግራም ወደ ታች ይጐትተዋል፤ ይሰጥማል። ውሃው ጨው ጠጥቶ አንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.08 ግራም የሚመዝን ሲሆን ግን፥ ያው 51 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 55 ግራም ያህል ይመዝናል። ያን ጊዜ ሸክሙና ተሸካሚው ይስተካከላሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ጨው ቢጨመር ዕንቁላሉ ይነሣል።

እዚህ ላይ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ። ጨው ዕንቁላሉን ያቀለለው ይመስላቸዋል። ዕንቁላሉ ግን አንዲት ግራም አልቀነሰም፤ የከበደው ውሃው ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 120 ግራም ጨው ቢሟሟበት ክብደቱ በ120 ግራም ሲጨምር፥ የያዘው ስፍራ የሚጨምረው ግን በ40 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። በጥቂት ስፍራ ብዙ ክብደት ገባ ማለት ነው። በጨው ፈንታ ስኳር በብዛት ቢሟሟም ዕንቁላሉ ይነሣ ነበር፤ ስለዚህ የሚያነሣው የውሃው ክብደት እንጂ የጨው ጣዕም እንዳልሆነ ይታወቃል።

የሙከራው አሰናዳድ እንደሚከተለው ነው።

አስቀድሞ ልጁ ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። «ዕንቁላል በጨው ውሃ ይንሳፈፋልን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ አያስመረምርም። «በአንድ ሊትር ውሃ ስንት ግራም ጨው ሲገባ ዕንቁላል ይነሣል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን፥ መልሱን ከሙከራው በቀር የሚነግረው የለም። ከዚህ ቀጥሎ ግምቱን ይጻፍ። ግምቱ ስሕተት ቢሆን ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሥራው ካለቀ በኋላ ግምቱን ፍቆ መጻፍ ነው።

ሁለተኛ፥ ዕቃውን ያሰናዳ። አፈ ሰፊ የሆነ፥ ውስጡ ከውጭ የሚታይ ሁለት ዕቃ፤ በየአንዳንዱ አንድ አንድ ሊትር ውሃ፤ አራት ዕንቁላል፤ 200 ግራም ጨው፤ ረዘም ያለ ማንኪያ። ከአራቱ ዕንቁላል በሦስቱ ላይ በእርሳስ ሀ፥ ለ፥ ሐ ብሎ ምልክት ያድርግባቸው። ትንሽ ክብደት የሚለካ ሚዛን በየቤቱ ስለማይገኝ፥ ባለ ሱቁ 200 ግራሙን አንድ ጊዜ ይመዝንለት፤ ልጁም በንጹሕ ወረቀት ላይ አፍስሶ ለሁለት እኩል ይክፈለው፤ እያንዳንዱንም ክፍል እንደገና ለአምስት ይክፈለው። ዐሥር ክምር ይሆናል፤ እያንዳንዱም 20 ግራም ያህል ነው። በየወረቀቱ ጠቅልሎ ከ1 እስከ 10 ቍጥር ይጻፍበት። በማንኪያ ከመስፈር ይህ ይሻላል፤ የማንኪያው ስፋት ከቤት ቤት ይለያያልና፥ ሻካራውና የላመው ጨውም በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝንምና።

ሦስተኛ፥ ጨው ከመግባቱ በፊት ሦስቱን ዕንቁላሎች ተራ በተራ በማንኪያ ቀስ አድርጎ በአንዱ ዕቃ ውስጥ ያኑር፤ ምን እንዳደረጉም ይጻፍ። ከዚያ አውጥቶ የመጀመሪያውን ወረቀት ጨው ይጨምር፤ የጨው ቅንጣት ከታች እስኪጠፋ ድረስ ያማስል፤ ውሃው እስኪረጋ ይቈይ፤ እንደገናም ሦስቱን ተራ በተራ ያግባ። እንዲህ እያደረገ ወረቀቱን በየተራው ይቀጥል። ዕንቁላሉ በውሃው ውስጥ ሳለ ከላይ ጨው መነስነስ አይገባም፤ ያልሟሟው ጨው ከታች ይተኛና የታችኛው ውሃ ከላይኛው ይከብዳል፤ ዕንቁላሉም በመካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ራሱን የቻለ ደስ የሚል ትርኢት ነው፤ ነገር ግን ለሌላ ቀን ይቈይ።

አራተኛው ዕንቁላልና ሁለተኛው ዕቃ ለምንድር ነው የሚል ይኖራል። በዚህ ዕቃ ጨው አይገባበትም፤ የቀረው ሁሉ ግን እንደ ፊተኛው ይደረግበታል፤ በፊተኛው ጊዜ ይማሰላል፥ በፊተኛው ጊዜ ይረጋል። በችሎት ባላጋራው ሳይጠራ በአንድ ወገን ቃል ብቻ ፍርድ እንደማይሰጥ፥ እዚህም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ዕንቁላሉን ያነሣው ማማሰሉ ነው፤ ወይም ብዙ መቈየቱ ነው» ቢል፥ ንጹሑ ውሃ ቀርቦ መልስ ይሰጠዋል። ሦስቱ ዕንቁላሎችም እንደ ምስክሮች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢናገር ቃሉ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ቢተባበሩ ግን ይታመናል፤ ቢለያዩም የተለያዩበት ምክንያት ይመረመራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ጨው ሲጨመር ውሃውም ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ቢለወጥ፥ ወይም ዕንቁላሉ በሌላ ቢተካ፥ የተነሣበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

እንግዲህ ውጤቱ ምን ይሆናል? የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት፤ ልጁ ሁለተኛውን ወረቀት ሲጨርስ ውሃው ከባሕር ጥቂት በልጦ ይጨምታል፤ አዲስ ዕንቁላል ግን ገና እንደ ሰጠመ ነው። ይህ ብዙ ሰዎችን ያስደንቃቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ዕንቁላል የሚነሣው ጨው ከ80 እስከ 150 ግራም በገባበት መካከል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዕንቁላሉ ዕድሜ ነው። የዕንቁላል ቅርፊት ዐይን የማያያቸው ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀኑ በቈየ መጠን ከውስጡ እርጥበት ይወጣል፥ በምትኩም አየር ይገባል። መጠኑ ሳይለወጥ ክብደቱ ስለሚቀንስ፥ ያረጀው በጥቂት ጨው ይነሣል፤ ትናንት የተጣለው ግን ብዙ ጨው ይፈልጋል። ለቤት እመቤቶችም ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ጐኑን ሰጥቶ የሚተኛው ዕንቁላል አዲስ ነው፤ ወፍራም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ የሚቆመው ሰንብቷል፤ ያለ ጨው የሚንሳፈፈውን ግን ባይበሉት ይሻላል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ ዋና ዐሳባችን ወደ ሆነው ነገር ደረስን። ሴት ልጃችሁ ሥራዋን ጀምራ፥ «አባባ፥ ሐ የተባለው በአራተኛው ወረቀት ተነሣ፤ መጽሐፉ ግን በስድስተኛው ነው የሚነሣው ይላል፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብትል ምን ትመልሱላታላችሁ? በሥራ የደከመ ወላጅ፥ «መጽሐፉ እንዳለ ጻፊ፤ መምህርሽም ያው መጽሐፍ ነው ያለው» ብሎ ሊገላገል ይቃጣዋል። ልጅቱም ትጽፋለች፤ ሙሉ ነጥብም ታገኝ ይሆናል። ነገር ግን በዚያች ቀን ከአባቷ የተማረችው ስለ ውሃና ስለ ጨው አይደለም፤ በዐይን የታየው ከተጻፈው ጋር ካልተስማማ፥ የታየውን መለወጥ እንደሚቻል ተምራለች። እኛ በችሎት ጸሐፊነት ብዙ ዓመት ስንኖር፥ አንዲት ቃል ስትለወጥ ርስት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍና ሰው እንደሚታሰር እንደሚፈታ እናውቃለን። ጸሐፊ የሚጽፈው ምስክሩ የተናገረውን እንጂ ሊናገር ይገባው ነበር የሚለውን አይደለም። ይህ ልማድ ሰው ካደገ በኋላ በማዕርግ የሚሰጠው አይደለም፤ እንደ ዕንቁላል ባለ ትንሽ ነገር በልጅነት የሚለመድ ነው።

ስለዚህ መልሱ፥ «ያየሽውን ጻፊ፤ ዕንቁላሉም ስንት ቀን እንደ ቈየ እናትሽን ጠይቂ» የሚል ይሁን። ልጅቱ ጠይቃ፥ ሐ የተባለው ከሁለት ሳምንት በፊት የተገዛ፥ የቀሩት ግን ትናንት ከጊደር መጋላ የመጡ መሆናቸውን ብትረዳ፥ ከመጽሐፉ ጋር ያልተስማማው ቍጥር አዲስ ዕውቀት ሰጣት እንጂ አላሳፈራትም። አባትም እናትም ሥራውን ከልጁ እጅ ነጥቀው እንዳይሠሩ ይጠንቀቁ። ውሃ ይፈስሳል፥ አንድ ዕንቁላልም ይሰበር ይሆናል፤ ጉዳቱ ግን ያን ያህል ነው። የቤት ሠራተኛዋ አሰናድታ ልጁ ከወንበር ላይ ሆኖ የሚመለከተው ሙከራ፥ ሌላ ሰው በልቶለት እንደ መጥገብ ነው።

ልጁ ይህን ካወቀ በኋላ ወደ ሰፊው ዓለም ማሻገር ይቻላል። የባሕር ውሃ ከወንዝ ውሃ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ስለሚከብድ፥ አንድ መርከብ ከወንዝ ወደ ባሕር ሲወጣ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከባሕር ወደ ወንዝ ሲገባ ደግሞ ዝቅ ይላል። በባሮ ወንዝ ላይ ወደ ጋምቤላ ይመላለስ የነበረ መርከብ፥ ያንኑ ጭነት ይዞ በጅቡቲ ወደብ ቢቆም ኖሮ ከዚያ ከፍ ብሎ በታየ ነበር። በእንግሊዝ አገር ነጋዴዎች መርከብን ከመጠን በላይ እየጫኑ መርከበኞች ስላለቁ፥ ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የምክር ቤት አባል ብዙ ተከራክሮ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓመት በመርከብ ጐን ላይ የጭነት መጠን ምልክት እንዲደረግ ሕግ ወጣ። ዛሬ በመርከቦች ጐን በሚታየው ምልክት፥ የጨው ባሕርና የጣፋጭ ውሃ መሥመር ለየብቻው ተሠምሯል። ልጁ በመስታወት ዕቃ ያየው ነገር በባሕር ላይ የሰው ነፍስ የሚጠበቅበት ነው።

ከዚሁ ጋር ልጆች እንዳይታለሉ ማስጠንቀቅ ያሻል። ዕንቁላሉን ያነሣ የጨው ውሃ እኔንም ያነሣኛል ብለው ወደ ጥልቅ ውሃ እንዳይገቡ ይነገራቸው። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው በባሕር ውስጥ ከወንዝ ይልቅ የሚያገኘው እርዳታ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጣፋጭ ውሃ የሆነው የዝዋይ ሐይቅ ይህንም አይሰጥ። መዋኘት የማያውቅ ሰው በሁለቱም ይሰጥማል።

ለቤቱም ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፥ የሙከራው ውሃ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ የጨመተ ስለ ሆነ ማንም እንዳይጠጣው፤ ይልቁንም ሕፃናት እንዳይደርሱበት ይሁን፤ ብዙ ጨው ለትንሽ ልጅ ሰውነት ብርቱ መርዝ ነው። ሁለተኛ፥ ጥሬ ዕንቁላል የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሦስተኛ፥ ውሃ አይባክን። የሐሮማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት ሐረርን ሲያጠጣ ኖሮ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት መድረቁን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ሊትር ይበቃል፤ ጨው ያልገባበትም ውሃ ለወለል ማጠቢያ ይዋል። የጨውን ውሃ ግን በአትክልት ላይ ማፍሰስ ሥሩን ያደርቃል።

በገበያ ሳሉም ልጁ ሌላ ነገር ይማር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2011 ዓመት ወዲህ በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት በደንብ ታዝዟል፤ ይህም ዕንቅርትን ለመከላከልና የሕፃናትን አእምሮ ለመጠበቅ ነው። የሚገባው አዮዲን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በሙከራው ላይ ለውጥ አያመጣም። ልጁ ለባለ ሱቋ «እማማ፥ አዮዲን ያለበት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅን ቢለምድ ግን ለመላው ቤተ ሰብ ይጠቅማል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን ተረት የምናውቅ ሁላችን፥ ጨው ከመጣፈጥ በላይ የሚሠራው ሥራ እንዳለ ልናውቅ ይገባናል።

ሥራው ሲያልቅ ጨዉን ውሃ ከመድፋት በሰፊ ዝርግ ሳሕን አድርጎ፥ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፥ በፀሐይ ማኖር ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሃው ተንኖ ጨው በሳሕኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በአፍዴራ የሚደረገውም ይኸው ነው። ይህ ጨው ጥሬ ዕንቁላል ስለ ነካው ለወጥ አይሆንም፤ ነገር ግን ደኅና አድርጎ ከደረቀ በኋላ ወደ ባለ ሱቁ ሚዛን ይመለስ። ልጁ 120 ግራም አግብቶ 112 ግራም ቢያገኝ፥ የጐደለውን 8 ግራም ከራሱ ጨምሮ እንዳይሞላ ንገሩት፤ «8 ግራም ጐደለ» ብሎ ይጻፍ፥ በየት እንደ ሄደም ይፈልግ፤ በማንኪያው ላይ ነውን? በዕንቁላሉ ቅርፊት ላይ ነውን? በሳሕኑ ጠርዝ ተጣብቆ ነውን? ከ120 ግራም በልጦ ቢገኝም ገና አልደረቀምና እንደገና ፀሐይ ላይ ያውጣው። ከዚህ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ለመምህሩ ይውሰድ።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዐምድ፥ ዕንቁላል በሁለት ውሃ መካከል ተንጠልጥሎ ስለሚቀርበት ትርኢት፥ ልጆች ያለ ሰው እርዳታ እንዴት እንደሚሠሩት እንጽፋለን።